የኩዳ ደወል

በኢሉክዌዋ መንደር ሰው መሞቻው ሲቃረብ መጀመሪያ የሚጠራው ሐኪም አይደለም፣ መነኩሴም አይደለም፤ ዲንጊሪ ናት። ሐኪሙ ያለው ከተማ ነው። መነኩሴውም መጥተው፣ ደግመው፣ ይሄዳሉ። ዲንጊሪ ግን በርጩማዋን ከበሽተኛው ራስጌ አስጠግታ አንዴ ከተቀመጠች ትንፋሹ እስኪቆም ንቅንቅ የለም። ሥራዋ አንድ ነው፤ የሚሞተው ሰው ሐሳቡ መልካም ነገር ላይ እንዳለ እንዲሄድ ማድረግ።

እኛ የቡድሃ አማኞች ዘንድ ሰው ሞቶ ወደሚቀጥለው ሕይወት የሚሻገረው በመጨረሻው ሐሳቡ ነው። ዕድሜህን ሙሉ ስትመጸውት ኖረህ በስተመጨረሻ ልብህ የጎረቤትህ አጥር ላይ ከተንጠለጠለ አለቀልህ፤ ምጽዋቱ ወደ ኋላ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፣ አጥሩ ይቀድማል። ፍርደ ገምድል ነው የምትሉ ካላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔ አላወጣሁትም።

ፑንቺ ሜኒካ የምትባል ቆንቋና ባልቴት ነበረች። ልጆቿም እሷኑ ወጥተው ኖሮ «ዲንጊሪን ብንጠራ ምሳ ማብላት ይመጣል» ብለው ሳይጠሯት ቀሩ። ሴትዮዋ «የሩዝ ጎተራውን ቁልፍ የት አደረጋችሁት? የት አደረጋችሁት?» እንዳለች አረፈች። ሳምንት ሳይሞላ አንድ አይጥ የሚበላ ረጅም እባብ መጥቶ ጎተራው ሥር ተጠቀለለ። ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣም። ማን ደፍሮ ይመታዋል? ልጆቿ ሩዝ ሊሰፍሩ ሲገቡ «እማ፣ እስቲ ጠጋ በይልን» ይሉታል። ስትሰሙት ያስቃል፤ እነሱ ግን ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ዲንጊሪ የመንደሩን ሰው በጎ ሥራ በቃሏ ታውቀዋለች። ገዳሙ ሲታደስ አሸዋ ማን እንደተሸከመ፣ በበዓል ቀን ለመንገደኛ ውሃ ማን እንደቀዳ፣ ክንፏ የተሰበረ ወፍ ማን እንዳስታመመ። ሰው ራሱ የረሳውን እሷ አትረሳም። ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላ «ያን ቀን ትዝ አለህ? ፀሐዩ እንዴት ይጠብስ እንደነበር?» እያለች እንደ ሕፃን እጁን ይዛ ትወስደዋለች። የሚያለቅስ ዘመድ ታስወጣለች። ስለ ርስት የሚያነሳ ከተገኘማ ጉድ ይፈላል። የጎረቤቷ የአፑሃሚ አባት ሲያጣጥሩ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ባለችው ማንጎ ጭቅጭቅ ቢጀምሩ በመጥረጊያ እያጣደፈች አባረረቻቸው። አፑሃሚ ዛሬም ሰው በተሰበሰበበት «እትዬ ዲንጊሪ ያን ቀን ጀርባዬን ባትለኝ ኖሮ አባባ ይኼኔ ማንጎዋ ላይ ጦጣ ሆኖ ይንጠለጠል ነበር» ይላል።

ሁሉም ሲያልቅ ትወጣና እጇን ታጥባ ለቤተሰቡ አንድ ቃል ትናገራለች። «በጥሩ ሐሳብ ነው የሄደው» ትላለች። ያቺ ቃል ከቀብሩም ከድግሱም ትበልጣለች። በምን አወቅሽ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ባሏ ሙዲያንሴ ዝምተኛ ገበሬ ነበር፤ ተናገር ቢሉት እንኳ የማይናገር። የሚያወራው ከኩዳ ጋር ብቻ ነው። ኩዳ የሚያርስበት የቤት ጎሹ ነው፤ ስሙ በእኛ ቋንቋ ትንሹ ማለት ነው። ሲወለድ እናቱ ሞተችበትና ሙዲያንሴ በኮኮናት ቅል የሩዝ ውሃ እያጠጣ አሳደገው፤ ስሙም ያኔ ወጣለት። ኋላ ግን አድጎ አድጎ በር አላስገባ አለ። ጭቃው ማሳ ውስጥ ሁለቱን ያየ ሰው ማን ማንን እንደሚነዳ አይለይም ነበር። ከእርሻ ሲመለሱ መጀመሪያ ኩዳ ይጠጣል፣ ይታጠባል፤ ከዚያ ነው ሙዲያንሴ ቤት ገብቶ ለራሱ ውሃ የሚጠይቀው።

«እኔን ያገባኸኝ እኮ ለኩዳ ሣር የሚያጭድ ሰው ጠፍቶ ነው» ትለው ነበር ዲንጊሪ።

ፈገግ ይላል።

እንዲህ እያሉ ሲኖሩ አፑሃሚ ትራክተር ገዛ። መንደርተኛው ሁሉ በትራክተር ማሳረስ ጀመረ። ኩዳም አርጅቶ ነበር። በዚያው ዓመት የገዳሙ አሮጌ ደወል ተሰነጠቀና መነኩሴው በሙሉ ጨረቃ በዓል ላይ «አንድ ቤተሰብ ደወል ቢያሰቅልልን» ብለው ተናገሩ። ዲንጊሪ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ስንቱን ስታሻግር የኖረች ሴት ናት፤ መልክ ሲረግፍ፣ ቤት ሲፈርስ፣ ልጅ ሲክድ አይታለች። የማያልፍ አንድ ነገር ብቻ በስሟ እንዲቆም ፈለገች። ይፈረድባታል? ናስ አይበሰብስም፤ እኛ አልፈን፣ ልጃችን ናንዳም አርጅታ አልፋ፣ ደወሉ ይጮኻል ብላ አሰበች።

«በምን እንገዛዋለን?» አላት ሙዲያንሴ።

«ኩዳ አለ አይደል?»

«ኩዳን የሚገዛው ሥጋ ነጋዴው ነው እኮ» አለ።

«አርጅቷል የናንዳ አባት። ዛሬም ነገም ሟች ነው። ለገዳም ደወል ከሆነለትማ ለእሱም ጽድቅ ነው፤ በሚቀጥለው ሰው ሆኖ ይወለዳል።»

ይህን ስትል ከልቧ ነበር። እንስሳን ለቢላ መሸጥ እኛ ዘንድ ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ነውሩን ጽድቁ ይሸፍነዋል አለች። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኼኔ ነው። ሙዲያንሴም እንደ ልማዱ ዝም አለ። ዝም ያለ ሰው ተስማማ ተብሎ ይቆጠራል፤ ስንቱ ጥፋት በዚህች ያልፋል!

የነጋዴው መኪና ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ኩዳ አልወጣም አለ። ጎረምሶች ገመዱን ጎተቱ፤ ጀርባውን በዱላ ነረቱት፤ ወይ ፍንክች። ነጋዴው «ጌታው፣ እስቲ አንተ ንገረው» አለ። ሙዲያንሴ ጎኑን መታ መታ አደረገና «ውጣ ኩዳ» አለው፣ ማሳ ሲያስገባው በሚናገርበት ድምፅ። ኩዳ ወጣ። ሳያንገራግር፣ ወዲያው። ሙዲያንሴ ገመዱን ፈትቶ ይዞ ተመለሰና ጓዳ ያለው ምስማር ላይ ሰቀለው። ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሳም።

ደወሉ ተሰቀለ፤ የባልና የሚስቱ ስም ተቀርጾበታል። ሕዝቡ እጁን ግንባሩ ላይ አጋጥሞ «ሳዱ! ሳዱ!»፣ ደግ አደረጋችሁ እያለ ሲያመሰግናቸው ዲንጊሪ እንባዋን መያዝ አቃታት። ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ በተደወለ ቁጥር እሷ እጇን ታጋጥማለች፤ ሙዲያንሴ ተነስቶ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ትሑት ነው፣ መመስገን አይወድም ትል ነበር። አይ ዲንጊሪ! የመንደሩን ሁሉ ልብ አንብባ አጠገቧ የሚተኛውን ሳታነበው ኖረች።

ሙዲያንሴ ታመመ። ሆዱ ተነፋ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሆስፒታል ጥቂት ቀን አስተኝተው «ቤቱ ይሁን» ብለው መለሱት። ቤቱ ይሁን ማለት ምን እንደሆነ ለዲንጊሪ የሚያስረዳት አያስፈልግም። ጓዳ ገብታ ልቅሶዋን ጨረሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ በርጩማዋን ራስጌው አስጠጋች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልፈራችም። ሰው አልበደለ፣ አልሰረቀ፣ አልሰከረ። ስንቱን ሰካራምና ወስላታ አሻግሬ፣ የእኔው ሰው ደግሞ ሊያስቸግረኝ ነው? አለች በልቧ። የጀመረችውም ከትልቁ ነው።

«የናንዳ አባት፣ ደወሉ ትዝ አለህ? እስከ ኩሬው ማዶ የሚሰማው የእኛ ደወል?»

«ኩዳ ነው» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ምኑ?»

«የሚጮኸው።»

አዞረችው። ገዳሙ ሲታደስ አሸዋ ያመላለሰበትን ቀን አነሳችለት። «ጋሪውን የጎተተው እሱ ነው» አላት። ለቡድሃ ያቀረበውን የሎተስ አበባ አነሳች። አበባውን የቀጠፈው ኩዳ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ነው፤ እሱም ይኼኑ ነገራት። በረሃብ ዓመት ለመንገደኛ ያበላውን ሩዝ አነሳች። ማን ያረሰው ሩዝ ነው? የዚህን ሰው ሕይወት ከዳር እስከ ዳር ፈተሸችው፤ ጎሽ የሌለበት ጽድቅ ጠፋ። እያንዳንዱ መልካም ሥራ ሄዶ ሄዶ ያ መኪና ላይ ይወጣል። በየመሐሉም አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል።

«የናንዳ እናት፣ ኩዳ ውሃ ጠጣ?»

ጠጥቷል ብትለው ይተኛ ነበር። ግን ዲንጊሪ ውሸት በአፏ አይወጣም፤ በየሙሉ ጨረቃው መነኩሴው ፊት ተንበርክካ አልዋሽም ብላ የገባችው ቃል ነው። ቃሏን ብታፈርስስ? ለሚሞት ሰው የተዋሸ ውሸት ምን ላይ ያሳርፈዋል? ፈራች። ይህች ሴት ሞት ፊት ተቀምጣ ስትፈራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አመሻሹ ላይ ደግሞ ደወሉ ይደወላል። በሽተኛው በድምፁ ይሰቀቃል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጎንበስ ብላ ስትሰማው «ውጣ» ነው የሚለው።

ናንዳ ከባሏ ቤት መጥታ ነበርና አላስቻላትም። «እማ፣ አንድ ነገር አድርጊ እንጂ! ለባዳ ሁሉ ታደርጊ የለም?» ብላ ጮኸችባት።

«ምን ላድርግ? ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?» አለች ዲንጊሪ። የምሯን ነበር የጠየቀችው።

በማግስቱ ጠዋት ገዳም ሄደች። መነኩሴው ግቢውን እየጠረጉ አገኘቻቸው።

«አባ፣ ደወሉን ለጥቂት ቀን ባያስደውሉትስ?»

«ለምን እናቴ? የገዛ ደወልሽን?»

ነገረቻቸው። የጎሹን ሽያጭ፣ መኪናውን፣ ሁሉንም። መጥረጊያቸውን ግንዱ ላይ አስደገፉ።

«አልነገርሽኝም» አሉ።

«አልጠየቁኝም፣ አባ።»

«እውነትሽን ነው፤ አልጠየቅሁም።» ሽማግሌው ደወሉን ቀና ብለው አዩት። ብዙ ይላሉ ብላ ጠብቃ ነበር። «ዛሬ አይደወልም» ብቻ አሉ፣ ፊታቸው ወይቦ።

ያን ቀን አመሻሽ መንደሩ ጭር አለ። ሙዲያንሴ ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ ቆየና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ምነው ዝም አለ? እሱንም ሸጣችሁት?»

ዲንጊሪ ከዚያ ክፍል ሸሽታ ወጣች። እግሯ የወሰዳት ጓሮ ነው፣ ባሏ ደወል በሰማ ቁጥር ይሄድበት የነበረው ቦታ። እዚያ የኩዳ መጠጫ፣ ከግንድ የተፈለፈለው ገንዳ አለ። ኩዳ ከተሸጠ ወዲህም ሁልጊዜ ውሃ አይጠፋበትም ነበር፤ ለዶሮዎቹ ነው ብላ ነገሬ ብላው አታውቅም። አሁን ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ባሏ ከተኛ ወዲህ የሞላው የለም። ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አፏን በነጠላ ጨርቋ ይዛ አለቀሰች። አጥር ዘሎ የገባው አፑሃሚ ነው እዚያ ያገኛት።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«አፑሃሚ፣ ባሌን ልቀብረው አይደለም፤ በክፉ ሐሳብ ልጥለው ነው» አለችው።

ወሬውን ከሰማ በኋላ ጭንቅላቱን ሲያክ ቆየ። «እንግዲያው ከቄራ አንድ ጎሽ አስጥለን እናምጣ። ነፍስ ማዳን ነው፣ ትልቅ ጽድቅ። ገመዱን እጁ ላይ እናድርግለትና ይኸው ኩዳ፣ ተርፏል እንበለው።»

«እኔ አልዋሽም።»

«አንቺ ዝም በይ፤ መዋሸቱን ለእኔ ተይው። እኔ እንደሆን ከአባቴ ማንጎ ጀምሮ የተበላሸሁ ነኝ።»

የጆሮ ወርቋን አውልቃ ሰጠችው። በማግስቱ ረፋዱ ላይ በትራክተሩ ተሳቢ ላይ ጎሽ ጭኖ ተመለሰ። መንደርተኛው ወጥቶ አየና እርስ በርሱ ተያየ። ዲንጊሪም አየች።

«አፑሃሚ! ሴት ናት እኮ!»

«ወንዶቹ በሌሊት አልቀዋል፣ እትዬ። የቀረችው እሷ ብቻ ናት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ምን ላድርግ? ደግሞ ዓይኑ ደክሟል፣ አያውቅም።»

አያውቅም! ዕድሜውን ሙሉ ከጎሽ ኋላ የሄደን ሰው!

የቤቱ በር ጠባብ ነው፤ የጎሿን ጭንቅላት ብቻ አስገቡ። ዲንጊሪ የኩዳን ገመድ ከምስማሩ አውርዳ ጎሿ አንገት ላይ አሰረች፤ ጫፉን ባሏ መዳፍ ውስጥ አኖረች። አፑሃሚ ጉሮሮውን ጠርጎ «ጋሼ ሙዲያንሴ፣ ይኸው ኩዳ! ያ ነጋዴ አላረደውም ለካ፣ ሲያርስበት ኖሮ...» ብሎ ጀመረ። ሙዲያንሴ እጁን እየጎተተ አንስቶ ቀንዷን ዳሰሰ። ግንባሯን ዳሰሰ። የጆሮዋን ሥር ያዘ።

«አፑሃሚ» አለ።

«አቤት ጋሼ።»

«ኩዳ መቼ ነው ያገባው?»

ናንዳ ሳታስበው ሳቀች። አፑሃሚም ሳቀ፤ ሙዲያንሴም ጥርሱ ታየ። ዲንጊሪ ይህን ሳቅ ካየችው ስንት ጊዜዋ! ልቧ ተከፈተ፤ አሁን ነው፣ አሁን ጥሩ ነገር ላይ ነው ብላ ጆሮው ሥር ጎንበስ አለች። እሱ ግን ቀድሟት ተናገረ።

«ይቺ ልጅ አፍንጫዋ ደርቋል። ውሃ ስጧት።»

«እሺ የናንዳ አባት፤ ይሰጧታል።»

«አንቺ ስጫት።»

ገንዳው ደረቅ ነው፤ ጉድጓዱም ከቤቱ ራቅ ይላል። ዲንጊሪ ገመዱን ከጎሿ አንገት ፈትታ ባሏ እጅ ውስጥ ተወችውና ጎሿን ወደ ጓሮ ነድታ ባልዲ ይዛ ወጣች። ጎሿ ውሃ ሲሸታት ጊዜ ጓሮውን እያተራመሰች አልያዝ አለች፤ ዲንጊሪ ብትጣራ አፑሃሚ ሮጦ ወጣ፣ ናንዳም ተከተለች። ሦስቱ ሲታገሏት፣ ሲያስሯት፣ ሲያጠጧት ቆዩ። ጠጥታ ጠጥታ ገንዳውን አደረቀችው። ዲንጊሪ «ጠጥታለች» ልትለው ወደ ቤት ገባች። እውነት ነበርና ልትለው ቸኩላ ነበር።

ሙዲያንሴ ሄዷል። ገመዱ ከእጁ ወድቆ መሬት ላይ ነው። አፉ ትንሽ ተከፍቷል፤ ሊናገር ይሁን ተናግሮ ይሁን አይታወቅም።

ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ራስጌ የተቀመጠች ሴት በባሏ ራስጌ አልነበረችም። በቀብሩ ዕለት እንደ ወጉ ነጭ ጨርቅ ለመነኮሳቱ ተሰጠ፤ ጽድቁ እንዲደርሰው ብለው ቤተሰቡ ማሰሮውን በጋራ ይዘው ጽዋው ሞልቶ እስኪፈስ ውሃ አንቆረቆሩ። እሷ ጽዋውን ስታ ውሃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ቀባሪው ሁሉ ያቺን ቃል ከአፏ ይጠብቅ ነበር። በምን ሐሳብ ሄደ? ሳቁ ላይ ነበር? የጎሿ ጥም ላይ? ወይስ ብቻውን ሲቀር ያ መኪና ተመልሶ መጣበት? ዲንጊሪ ቃሏን ሳትሰጣቸው ባልዲዋን አንስታ ወደ ገንዳው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሊያጣጥር ሲጠሯት «ጉልበቴን አሞኛል» ትላለች። አንድ ቀን አንዲት ሴት ከላይ ሠፈር እየተጣደፈች መጣች።

«እትዬ ዲንጊሪ፣ እናቴ በጥሩ ሐሳብ ነው የሄደችው ብለሽኝ አልነበር? እኔ እሱን ይዤ ነው የምኖረው። ታዲያ የራስሽን ባል እንዴት ሳታውቂ ቀረሽ?»

«መስሎኝ ነበር» አለች ዲንጊሪ ቀና ብላ ሳታያት። ሴትዮዋ ሌላ ቃል ትጨምርላት እንደሆን ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ሄደች፤ ዳግመኛም ቤቷን አልረገጠችም።

ጎሿ ቀረች። ከቢላ የወጣ እንስሳ አይሸጥ፣ አይታረስበት። ሙዟን በላችባት፣ አጥሯን ጣለችባት፣ ገመዷን በጥሳ ኩሬው ዳር ካሉት ኮርማዎች ጋር ሰንብታ መጣች። ዲንጊሪ ከልጅዋ ጋር ያልተነጋገረችውን ከእሷ ጋር ተነጋገረች፤ እንደ ባሏ መሆኗ ነው። አመሻሽ ላይ ደወሉ እንደገና መደወል ጀምሯል፤ የገዳም ደወል ዝም ብሎ አይኖርም። ሲደወል ዲንጊሪ እጇን አታጋጥምም። ጓሮ ሄዳ ገንዳውን ትሞላለች።

የሙት ዓመቱ ድግስ ሲቃረብ ጎሿ ወለደች። ወንድ ጥጃ፣ ደቃቃ፣ እግሩ የማይጸና። ጎሽ ከአሥር ወር ትንሽ አለፍ አድርጋ ነው የምትወልደው። የመንደሩ ሴቶች ጣታቸውን አጥፈው ዘርግተው ቆጠሩ፤ ቆጥረውም አፋቸውን ያዙ። ቆጠራው ወደ ቀብሩ ሰሞን ወሰዳቸዋ! አፑሃሚ ጥጃውን ሊያይ መጥቶ፣ ልማዱ ነውና፣ «እንኳን ደህና መጣህ ጋሼ...» ብሎ ሲጀምር የዲንጊሪን ፊት አየ። ቀሪውን ዋጠው።

ድግሱ ላይ ለመነኮሳት እርጎ በዘንባባ ማር መቅረብ አለበት፤ ሙዲያንሴም ነፍሱ ነበር። ናንዳ ማሰሮ ይዛ ልታልብ ስትሄድ እናቷ መንገድ ዘጋችባት።

«የእሱ ነው፤ አትንኪበት።»

«የማን?»

እርጎው ከጎረቤት ተገዛ።

መነኩሴው በልተው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ብቻቸውን ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው። ጥጃው እናቱ ሥር ቆሞ ይጠባል።

«አባ፣ እሱ ነው?»

ሽማግሌው ጥጃውን ብዙ አዩት። «አላውቅም፣ እናቴ።»

«እርስዎ ካላወቁ ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም። እኔም ያንን ደወል ስሰማ ምን እንደማደርግ አላውቅም» አሉ። ሽማግሌው መነኩሴ አቅመ ቢስ ሆነው ስታያቸው እሷው አዘነችላቸው፤ ገንዳው ጠርዝ ላይ እንዲቀመጡ ጨርቋን አነጠፈችላቸው።

እንግዶቹ ሲበተኑ ከዋናው መንገድ የሥጋ ነጋዴው መኪና ጥሩንባ ተሰማ። በዚህ ዘመን ወንድ ጥጃ የሚያሳድግ የለም፤ ትራክተር አለ። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ የወለደች ጎሽ ባለችበት መንደር ሁሉ ይዞራል። ዲንጊሪ ጥጃውን አንገቱን አቅፋ ጥሩንባው ርቆ እስኪጠፋ ቆመች። ያኔ ነው የገባት። እሷ አሮጊት ናት፤ ጎሽ ደግሞ ብዙ ዓመት ይኖራል። ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት። ለስንቱ ሰው ልቀቅ፣ ተወው፣ ያልፋል ስትል ኖራ፣ የገዛ የመጨረሻ ሐሳቧ ምን እንደሚሆን ከወዲሁ አወቀችው። እያየችው መጣ፤ ልትመልሰውም አልቻለችም።

ናንዳ ሳህን አጥባ ስትጨርስ እናቷ ጠራቻት።

«እኔ ስሞት ራስጌዬ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።»

«ኧረ እማ፣ ዛሬ ደግሞ ይኼን አታንሺ!»

«ስሚኝ። ስለ ደወሉ እንዳታነሺብኝ። ስለ ምጽዋቴም፣ ስላሻገርኩት ሰውም፣ ምንም። ጥጃው ውሃ ጠጥቷል በይኝ፤ ይኼን ብቻ።»

ናንዳ እንባዋ መጣ። «ባይጠጣስ?» አለች፤ እሷም የዲንጊሪ ልጅ ናት፣ መዋሸት አታውቅም።

ዲንጊሪ ባልዲውን አንስታ ወደ ጉድጓዱ መሄድ ጀምራ ነበር።

«እንግዲያው መጀመሪያ አጠጪውና ነይ» አለቻት። «እኔ እጠብቅሻለሁ።»